አርተር ራምቦ፦ ግጥሙን ትቶ በሐረር ትርፍና አደጋን ሲመዝን የኖረው ነጋዴ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 1887 አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ካይሮ ገባ። ገና የ32 ዓመት ሰው ቢሆንም ፀጉሩ ሸብቷል። በወገቡ ላይ በታጠቀው መቀነት ውስጥ ከ16 ሺህ ፍራንክ በላይ የሚያወጣ ወርቅ ነበር። የወርቁ ክብደት ሆዱን እንዳሳመመው ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ጽፏል፤ ሆኖም ቀንም ሆነ ሌሊት ከወገቡ አልፈታውም። ያለውን ሁሉ ታጥቆ መዞር ለወንበዴ መጋለጥ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በሚመላለስባቸው የቀይ ባሕር ወደቦች ገንዘቡን በአደራ የሚሰጠው ሰው አላገኘም ነበር።

ይህ ነጋዴ አርተር ራምቦ ነው። ዓለም የሚያውቀው በገጣሚነቱ ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው የጻፋቸው ሥራዎች በፈረንሳይ ሥነ ግጥም ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላቸው። እርሱ ግን ሃያ ዓመት ባለፈው ማግሥት ብዕሩን አስቀመጠ፤ ዳግም ወደ ግጥም አልተመለሰም። በቀረው ዕድሜው በአብዛኛው የጻፈው ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ግመል ኪራይና ስለ ገንዘብ ምንዛሪ ነበር። ከእነዚያ ሒሳቦች አንዱ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ የገባበት ንግድ ነው። በወረቀት ላይ አምስት እጥፍ ያስገኛል የተባለው ይህ ንግድ ራምቦን ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አስከፍሎታል።

ደመወዝተኛው

ራምቦ በጥቅምት 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የጦር መኮንን የነበሩት አባቱ ቤተሰቡን ጥለው የሄዱት እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። ልጆቹን ለብቻቸው ያሳደጉት እናቱ ቪታሊ ከገበሬ ቤተሰብ የተገኙ፣ ቆጣቢና ቆፍጣና ሴት ነበሩ። ልጅየው ከእናቱ ቁጥጥር ለማምለጥ ከአንድም ሁለት ጊዜ ከቤት ጠፍቷል። በኋላ ግን ከእናቱ የወረሰው የቁጠባ ጠባይ በአፍሪካ ቀንድ ኑሮው ሁሉ ጎልቶ ታየ።

በ1880 በቀይ ባሕር ወደቦች ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ ኤደን ደረሰ። በዚያም ቡና ይነግድ በነበረው በባርዴ የንግድ ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በፈረስ ከተጓዘ በኋላ፣ በወቅቱ በግብፅ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ግንብ ከተማ ገባ።

በሐረር ሥራው ቡናና ቆዳ መግዛት፣ ማስመዘንና ወደ ባሕር መላክ ነበር። ደመወዙ የሚያበለጽግ አልነበረም፤ ነገር ግን ቅፍለት ቢዘረፍ ወይም ዋጋ ቢወድቅ የሚከስረው ኩባንያው እንጂ እርሱ አልነበረም። ይህም በ1884 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ኩባንያው ሲከስርና የሐረር ቅርንጫፉ ሲዘጋ፣ ራምቦ ከ12 እስከ 13 ሺህ ፍራንክ የሚደርስ ቁጠባ ይዞ ወጣ። ባለቤቶቹ ሲወድቁ ተቀጣሪው ቆሞ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ገንዘቡን የት ማዋል እንዳለበት ደጋግሞ አስቧል። በከፊል ወደ አገሩ ልኮት ነበር፤ እናቱም በገንዘቡ መሬት ገዙለት። ለእርሳቸው ከመሬት የበለጠ አስተማማኝ ሀብት አልነበረም። ልጃቸው ግን አልተደሰተም፤ በሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖርና ነገ ጥሬ ገንዘብ ለሚያስፈልገው ነጋዴ ያልታረሰ እርሻ ምን ይረባዋል የሚል ነበር ቅሬታው። ከዚህም ሌላ በሐረር ፎቶግራፍ አንሥቶ ለማትረፍ አስቦ በውድ ዋጋ የፎቶ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጣ። ጥቂት ፎቶግራፎች ካነሣ በኋላ ሐሳቡን ተወው፤ ካሜራውንም ሸጠው።

ይህ ሁሉ ድካም ዓላማ ነበረው። ከሐረር በጻፋቸው ደብዳቤዎች ከወለድ በሚገኝ ገቢ የሚያኖር ጥሪት አጠራቅሞ አገሩ መግባትን፣ ትዳር መመሥረትንና ወንድ ልጅ አሳድጎ መሐንዲስ ማድረግን ይመኝ ነበር። በደመወዝተኛ ቁጠባ ያ ቀን ሩቅ ሆኖ ታየው።

የስምንት ፍራንኩ ጠመንጃ

በጥቅምት 1885 አቋራጭ መንገድ ያገኘ መሰለው። ፒየር ላባቱ የሚባል በሸዋ ለዓመታት የነገደ ፈረንሳዊ የሽርክና ሐሳብ አቀረበለት፦ ከአውሮፓ ጠመንጃ አስመጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ መሸጥ። ራምቦ ከባርዴ ወንድሞች ጋር የነበረውን ሥራ ተወ፤ ቁጠባውንም በዚህ ንግድ ላይ አዋለው።

ስሌቱ የሚያማልል ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው የካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ እንደጻፈው የአንዱ ዋጋ በአውሮፓ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ ሲሆን፣ በሸዋ ግን አርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጣል ተብሎ ታስቧል። ሸሪኮቹ ለፈረንሳይ መንግሥት በጻፉት ማመልከቻ 2,040 ጠመንጃና 60 ሺህ የሬሚንግተን ጥይት እንዳላቸው ገልጸዋል። የጠመንጃው መግዣ ከ16 ሺህ ፍራንክ ብዙም አይበልጥም፤ መሸጫው ደግሞ ከ80 ሺህ ያልፋል።

ራምቦ መንገዱ አደገኛ፣ ወጪውም ከባድ መሆኑን አልዘነጋም፤ በዚያው ደብዳቤ ሁለቱንም ጠቅሷል። የጎደለው ሌላ ነበር። ንግዱ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሸሪክና በአንድ ገዥ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ ቢሰበር መመለሻ አልነበረውም። አምስት እጥፍ ትርፍ የሚገኘው ሁሉም ነገር ከተሳካ ብቻ ነበር።

በታጁራ የጠፋው ዓመት

ራምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ሲደርስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉዞ እንደሚጀምር ገምቶ ነበር። ግመልና ባለግመል ማግኘት ራሱ ወራት ፈጀ። ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ቀለብና ኪራይ ኪሱን ይበላ ጀመር።

በሚያዝያ 1886 የኦቦክ ገዥ ሌዮንስ ላጋርድ ያልታሰበ መርዶ አሰማው። ፈረንሳይና ብሪታኒያ በደረሱበት ስምምነት መሠረት ጦር መሣሪያ ወደ ሸዋ ማስገባት ተከልክሏል። ሁለቱ ሸሪኮች ለፓሪስ አቤት አሉ፤ ዕቃውን የገዙትና ያጓጓዙት ከክልከላው በፊት መሆኑን አስረዱ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ መንገዱ ቢከፈትላቸውም ወራት አልፈው ነበር።

በዚያው ዓመት ከሸዋ ይመለስ የነበረው ባራል የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከነተጓዦቹ በበረሃው መንገድ ተገደለ። ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ራምቦ ከዚያ በኋላ ተስፋ ያደረገው ልምድ ባለው አሳሽና ነጋዴ በፖል ሶሌዬ ላይ ነበር፤ እርሱም የራሱን ቅፍለት ይዞ ለመሄድ ይጠባበቅ ነበርና አብሮ መጓዝ ለሁለቱም ይበጃል ተብሎ ታሰበ። ሶሌዬ በመስከረም 1886 ኤደን ውስጥ በድንገት ሞተ።

በዚህ ጊዜ ራምቦ ሁለት ምርጫ ነበረው። ዕቃውን ባገኘው ዋጋ አራግፎ ኪሳራውን መቁረጥ፣ አለዚያም ብቻውን መግፋት። አስቀድሞ ያወጣው ገንዘብና ያባከነው ዓመት ወደፊት የገፉት ይመስላል። በጥቅምት 1886 ቅፍለቱን እየመራ በአሳል ሐይቅ አጠገብ በሚያልፈው ጠፍ መንገድ ወደ አፋር በረሃ ገባ። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ።

አንድ ገዥ ብቻ ያለው ገበያ

ቅፍለቱ ከነዕቃው መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ራምቦ እጅግ የፈራው የመንገዱን አደጋ ነበር፤ ያንንም ተሻገረው። ኪሳራው የመጣው ከገበያው ነው።

ምኒልክ አንኮበር አልነበሩም። በዚያው ዓመት ጥር ወር በጨለንቆ ጦርነት የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማይቱን ይዘው ነበር። ራምቦ ወደ እንጦጦ ሄዶ ሲጠባበቅ፣ ንጉሡ ከሐረር የተማረኩ ሁለት የክሩፕ መድፎችንና ሌላ ምርኮ አስከትለው ገቡ። ይህን ትዕይንት በኋላ ካይሮ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ዘርዝሮታል። ጠመንጃው በታጁራ ጠረፍ በተቀመጠበት ጊዜ የሸዋ የመሣሪያ ፍላጎት መልኩን ቀይሮ ነበር። ከአሮጌ የካፕሱል ጠመንጃ የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው ለገባ ንጉሥ የራምቦ ዕቃ የቀድሞ ዋጋው አልነበረውም። በዚያ ላይ ሐረር በመያዟ ወደ ዘይላ የሚያወጣው ቀላል መንገድ ተከፈተ፤ የታጁራው በረሃ ብቸኛ መንገድ መሆኑ ቀረ።

ምኒልክ ከብዙ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ጋር የተደራደሩ፣ የመሣሪያን ዋጋ ጠንቅቀው የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩ። ራምቦ ለፈረንሳይ ቆንስላ እንዳስረዳው፣ ዕቃውን በችርቻሮ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ለሁሉም በጅምላ 14 ሺህ የማርያ ትሬዛ ብር ተቆረጠለት። እምቢ ቢል ጠመንጃውን በራሱ ወጪ ወደ ጠረፍ መመለስ ነበረበት። ያን በረሃ ከነዕቃው ዳግም ማቋረጥ የማይታሰብ ስለነበር የቀረበለትን ዋጋ ተቀበለ።

ከዚያም ላይ ለግመል ኪራይና ለጉዞ ወጪ 2,500 ብር፣ ላባቱ ለንጉሡ ነበረበት ለተባለው ዕዳ ደግሞ 3 ሺህ ብር ተቀነሰ። የቀረውን 9 ሺህ ብር ገደማ በጥሬው አላገኘም፤ ሐረር ላይ ደጃዝማች መኮንን እንዲከፍሉት የሚያዝ ወረቀት ተሰጠው።

የሟች ዕዳ

ራምቦ ወደ ሽርክናው ሲገባ የላባቱን ልምድ ፈልጎ ነበር። ከልምዱ ጋር ግን የላባቱን ዕዳ ሁሉ መረከቡን የተረዳው ሸዋ ሲደርስ ነው። የሟቹ ባለቤት ድርሻዬን አለች፤ አበዳሪዎች፣ ደመወዝ ያልተከፈላቸው አገልጋዮችና ዕቃ በዱቤ የሰጡ ሰዎች ተራ በተራ መጡ። ከፊሎቹ እውነተኛ ባለመብት ነበሩ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ማስረጃ አልነበራቸውም። ራምቦ ለአንዳንዱ ከፈለ፤ ከሌላው ጋር ተካሰሰ። በንዴት ሟቹ የተዋቸውን የማስታወሻ ደብተሮች አቃጠለ፤ በደብተሮቹ መካከል የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ የሰማው ዘግይቶ ነው።

በዚያ ዘመን የሁለት ግለሰቦች ሽርክና ኃላፊነትን የሚገድብ አጥር አልነበረውም። አንዱ ሲሞት ዕዳው በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ራምቦ የጠመንጃውን ዋጋ፣ የግመሉን ኪራይና የበረሃውን ርዝመት አስልቷል፤ የሸሪኩን መዝገብ ግን አስቀድሞ አልመረመረም።

በግንቦት 1887 ከፈረንሳዊው አሳሽ ዡል ቦሬሊ ጋር በአዲሱ መንገድ ወደ ሐረር ተጓዘ። መኮንንም በጥሬ ብር ፈንታ ምጽዋ ላይ የሚመነዘሩ የሐዋላ ወረቀቶችን ሰጡት። ገንዘቡን ለማውጣት ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ሲደርስ የይለፍ ወረቀት ባለመያዙ ተይዞ ነበር። ወደ ካይሮ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሒሳቡ ሲወራረድ

ራምቦ ለኤደን ምክትል ቆንስላ ባቀረበው ሪፖርት ከዋና ገንዘቡ 60 በመቶውን እንዳጣና 21 ወራት በከንቱ እንደደከመ ገልጿል። ሪፖርቱ የተጻፈው አበዳሪዎች በሚከሱት ጊዜ ስለነበር ኪሳራውን አጉልቶ ለማሳየት ምክንያት ነበረው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በመቀነቱ የያዘው ወርቅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ቁጠባ በጥቂቱ የሚበልጥ ነበር።

እንግዲህ ባዶ እጁን አልቀረም። ነገር ግን አምስት እጥፍ ያስገኛል ከተባለ ንግድ፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከደከመ በኋላ፣ ከተነሣበት ብዙ ፈቅ አላለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአበው አባባል ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም፤ ለጥቂት ተረፈ እንጂ።

ካይሮ ላይ ወርቁን ከወገቡ ፈትቶ ክሬዲ ሊዮኔ በተባለው የፈረንሳይ ባንክ በወለድ አስቀመጠ። ወለዱ ከጠመንጃው ተስፋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ባንኩ ግን ግመል አይጠይቅም፤ በአንድ ገዥ ፈቃድም ላይ አይንጠለጠልም።

ድስት፣ አቡጀዲና ቡና

በ1888 መጀመሪያ እንደገና በጦር መሣሪያ ንግድ ለመሳተፍ ሞከረ፤ ከመንግሥቱ የሚፈልገውን ፈቃድ ባለማግኘቱ ሐሳቡ ተጨናገፈ። በዚያው ዓመት ኤደን ከሚኖረው ነጋዴ ከሴዛር ቲያን ጋር ተስማምቶ በሐረር የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ።

የአሁኑ ንግድ አካሄዱ የተለየ ነበር። ከሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይልካል፤ ከጠረፍ አቡጀዲ፣ ሐርና የቤት ዕቃ ያስመጣል። ገዥዎቹ ብዙዎች፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ትርፍ ግን አነስተኛ ነበር። አንዱ ባይሸጥ ሌላው ይሸፍናል። በሸዋ ለነበረውና በኋላ የምኒልክ አማካሪ በመሆን ለታወቀው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ድስት ልኮለት ነበር፤ ኢልግም ዕቃው ገበያ ማጣቱን ጻፈለት። ራምቦ ተበሳጨ፤ የድስቱ ገበያ ማጣት ግን ቤቱን አላናጋውም።

አደጋ ከሐረር ጠፍቶ አልነበረም። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ በመሄዱ በማርያ ትሬዛ ብር የሚገኝ ትርፍ ወደ ፍራንክ ሲመነዘር ይሳሳል። የአገሩ ግምጃ ቤት ከነጋዴዎች ተበድሮ ለመክፈል ይዘገያል። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረኃብና የከብት እልቂትም በእነዚሁ ዓመታት አገሩን መታ። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ስለዚህ ሁሉ ያማርራል። ሆኖም ከእነዚህ አደጋዎች አንዱ ብቻውን ሊጥለው አልቻለም።

በ1891 ጸደይ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሲዘጋ ከ37 ሺህ ፍራንክ በላይ የሚከፈልበት የባንክ ሐዋላ ተቀበለ። በጠመንጃው ንግድ ባለበት የረገጠው ጥሪት፣ በሦስት ዓመት የአቡጀዲና የቡና ንግድ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር።

ያልተመዘነው

ሒሳቡን የዘጋው ግን በፈቃዱ አልነበረም። በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። አስቀድሞ ችላ አለው፤ ከዚያም መቆም ሲያቅተው አልጋ ላይ ሆኖ ሠራተኞቹን ይቆጣጠር ነበር። ሐረር ውስጥ የሚያክመው አላገኘም። በመጨረሻም የቀረውን ዕቃ በችኮላ፣ በኪሳራ ሸጠ።

ሚያዝያ 7 ቀን 1891 አሥራ ስድስት ሰዎች ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወጡ። እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገድ ላይ መጠለያ በሌለበት ለብዙ ሰዓታት ዝናብ ወረደበት። ከኤደን በመርከብ ወደ ማርሴይ ተወሰደ፤ እዚያም በግንቦት ወር ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሕመሙ ካንሰር ነበር።

ለአሥር ዓመታት ያህል የቅፍለትን፣ የምንዛሪንና የዕዳን አደጋ ሲያሰላ የኖረው ሰው፣ ንግዱን ሁሉ የተሸከመውን የራሱን አካል በሒሳቡ ውስጥ አላስገባውም። ሁልጊዜ አንድ ዓመት፣ ጥቂት ሺህ ፍራንክ ይቀረዋል። በመጨረሻ ለትዳርና ለዕረፍት የሚበቃ ገንዘብ ሲያገኝ የሚጠቀምበት ዕድሜ አልቆ ነበር።

አርተር ራምቦ ኅዳር 10 ቀን 1891 በማርሴይ ሆስፒታል በ37 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በሐረር በስሙ የሚጠራውና ሙዚየም የሆነው ውብ የእንጨት ቤት የተሠራው ከእርሱ ዘመን በኋላ መሆኑን የታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ፤ ጎብኚዎች ግን የገጣሚውን ዱካ ፍለጋ ወደዚያ መሄዳቸውን አላቋረጡም።

ከመሞቱ በፊት እኅቱ ኢዛቤል አጠገቡ ሆና ታስታምመው ነበር። ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ 3 ሺህ ፍራንክ በሐረር ለዓመታት በታማኝነት ላገለገለው ለጃሚ ዋዳይ እንዲሰጥ ተናዘዘ። ኑዛዜው ባሕርና በረሃ አቋርጦ ሐረር ሲደርስ ጃሚም በሕይወት አልነበረም፤ ገንዘቡን የተቀበሉት ወራሾቹ ናቸው።